አንደኛው ማነው? ስለ ፊልም፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ወንበር

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ማታ ብዙ መሄጃ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ እኛ አራት ጓደኛሞች ጋቢያችንን ተከናንበን አንዳችን ቤት ፊልም እናያለን። ላፕቶፑ የእኔ ነው፤ ቡናው የባለቤቱ ነው፤ ቆሎው በተራ ነው።

ባለፈው ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። መቼም መብራት ሲጠፋ ወሬ ይደምቃል። አንዱ «እስቲ እስከ ዛሬ ካያችሁት ሁሉ አንደኛ የምትሉት የቱን ነው?» አለ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው።

የመንዙ ጓደኛችን የታሪክ ፊልም ይወዳል። ጦር፣ ፈረስና ጎራዴ ከሌለበት ፊልም አይለውም። የሸዋሮቢቱ ነፍሱ ኮሜዲ ነው። የአንኮበሯ ደግሞ በልጅነቷ ቪዲዮ ቤት እየተደበቀች ያየችውን የህንድ ፊልም እስከ ዛሬ አልረሳችውም። የዘፈኑን ቃል ሳታውቀው ታንጎራጉረዋለች። የፊልም ስም እየጠራን ስንጨቃጨቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ እኔን ዳኛ አደረጉኝ።

«በቃ፣ በድምፅ እንወስን» አልኩ። የፊልሞቹን ስም ትተን በዓይነት አደረግነው፤ ታሪክ፣ ኮሜዲ፣ ህንድ። እያንዳንዳቸው ሦስቱን ደረጃ ሰጡ። የመንዙ ታሪክን አንደኛ፣ ኮሜዲን ሁለተኛ፣ ህንድን ሦስተኛ አለ። የሸዋሮቢቱ ኮሜዲ፣ ህንድ፣ ታሪክ አለ። የአንኮበሯ ህንድ፣ ታሪክ፣ ኮሜዲ አለች።

ከዚያ ሁለት ሁለቱን አጋጠምኩ። ታሪክ ከኮሜዲ ሲገጥም ታሪክ 2 ለ 1 አሸነፈ። ኮሜዲ ከህንድ ሲገጥም ኮሜዲ 2 ለ 1 አሸነፈ። «ታሪክ አንደኛ!» ልል ስል የአንኮበሯ «ቆይ እንጂ፣ ህንድንና ታሪክን መቼ አጋጠምክ?» አለች። አጋጠምኩ። ህንድ 2 ለ 1 አሸነፈ።

ነገሩን ተመልከቱት። ማንም አልዋሸም። ማንም አላጭበረበረም። ቆጠራውም ልክ ነው። ግን አንደኛ የለም። ታሪክ ኮሜዲን ይበልጣል፣ ኮሜዲ ህንድን ይበልጣል፣ ህንድ መልሶ ታሪክን ይበልጣል። እንደ እንዝርት ይዞራል።

ይህን ያስተዋልነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ኮንዶርሴ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1785 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በ1951 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬኔት አሮው የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ከዚያ የባሰ መርዶ ይዞ መጣ። አማራጩ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን የሁሉንም ሰው ደረጃ ወደ አንድ የጋራ ደረጃ የሚለውጥ፣ «ይህማ ግድ ነው» የምንላቸውን ጥቂት የፍትሕ መስፈርቶች አንዱንም ሳያጓድል ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴ እንደሌለ በሒሳብ አሳየ። በ1972 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ህንድንና ታሪክን ባላጋጥም ኖሮ ታሪክ አንደኛ ሆኖ ያድር ነበር። መጀመሪያ ህንድን ከታሪክ አጋጥሜ፣ አሸናፊውን ከኮሜዲ ባገናኝ ደግሞ ዋንጫው የኮሜዲ ነበር። ድምፁ የእነሱ ነው። ማን ከማን ይግጠም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

መብራቱ አልመጣም። ወሬው ከፊልም ወደ ፖለቲካ ዞረ፤ መቼስ ዘንድሮ የማይዞር ወሬ የለም። የመንዙ ጓደኛችን በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል። እሁድ ቅዳሴ ሲያስታጉል አይቼው አላውቅም። «እኔ አንድ ነገር አይገባኝም» አለ። «እኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ነው። ዲሞክራሲ የብዙኃን ድምፅ ነው ትሉናላችሁ። ታዲያ መንግሥት ለምን የብዙኃኑን ሃይማኖት አይዝም?»

የሸዋሮቢቱ ሙስሊም ነው። የአንኮበሯ ጴንጤ ናት። ሁለቱም ዝም አሉ። ጥያቄው በክፋት የተጠየቀ አልነበረም፤ ልጁን አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘውን እሱ በአፉ ተናገረው እንጂ። እኔም ያን ማታ የረባ መልስ አልነበረኝም። መልሱን የጻፍኩት በኋላ ነው፣ ይኸውና።

ስሙ ራሱ

ከከተማችን ስም እንነሳ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። የምንሰግደው ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ። ለንጉሥ መስገድን እንቢ አሉ። ለእመቤታችንና ለመስቀል እንዲሰግዱ ሲታዘዙም እንቢ አሉ። ንጉሡ በድንጋይ አስወገሯቸው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 በመስቀል በዓል፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ይህን «እግዚአብሔር ፍርዴን ወደደልኝ» ብለው ተረጎሙት። ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማ ቆረቆሩ። ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ።

እንግዲህ እነዚያ መነኮሳት የተቀጡት በሃይማኖት ነው በፖለቲካ? ዛሬ ሁለት ሣጥን አለን፤ አንዱ ላይ ሃይማኖት፣ አንዱ ላይ ፖለቲካ ተጽፎበታል። ያኔ ሣጥኑ አንድ ነበር። ለንጉሥ አለመስገድ ኑፋቄም ነው፣ ሽፍትነትም ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የተባለበት ዘመን ነው። ንጉሡ የተቀባ ነው፤ የሚቀባው ጳጳስ ነው፤ ጳጳሱን ከግብፅ የሚያስመጣው ደግሞ ንጉሡ ነው። ቀለበቱ ጠብቋል።

እኚሁ ንጉሥ ሌላ ጊዜም ዳኛ ሆነዋል። የክርክሩ ጥያቄ ቅዳሜ ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት «ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ናቸው» ይላሉ። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት «እሁድ ብቻ» ይላሉ። ክርክሩ ትውልድ አሳልፎ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተጉለት ውስጥ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ንጉሡ ይህን የፈለጉት ስላመኑበት ነው። ግን የኤዎስጣቴዎስ ልጆች በሰሜን ያሏቸው ትላልቅ ገዳማት ከማዕከሉ እንዳይርቁም ፈልገዋል። እምነትና ስሌት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን የማይቀበል ሰው የኛን ታሪክ ወይ በጽድቅ ብቻ ወይ በተንኮል ብቻ ያነበዋል። ሁለቱም ስንፍና ነው። (በነገራችን ላይ ቅዳሜ ማታ ፊልም የምናየው እኛ የዚያ ጉባኤ ወራሾች ነን። አባቶች ይቅር ይበሉን።)

ከዚያ የመጣው ክርክር ስለ ክርስቶስ ልደት ነበር። ዝርዝሩ ለሊቃውንት ይቆይ። አንዱ ወገን ሁለት ልደት ይላል፣ ሌላው ሦስት ልደት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ቤተ መንግሥት ወደ ሦስት ልደት አደላ። በዚያን ጊዜ ሸዋ ከጎንደር ተለይታ በራሷ ቆማ ነበር። ሦስት ልደት የሸዋ መለያ መምሰል ጀመረ፤ ልክ እንደ ማሊያ።

መጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ። ንጉሠ ነገሥት መባልን ትተው ንጉሠ ሸዋ ሆኑ። ብዙ አልቆየም። ግንቦት 1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ዐፄ ዮሐንስ ባሉበት ሊቃውንት ተከራከሩ። ሁለት ልደት ረታ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ ጦሩ ገበረ። ቀጥሎ ማሊያው ወለቀ። ሊቃውንቱ መጽሐፍ ገልጠው የተከራከሩት ለይምሰል ነው እያልኩ አይደለም፤ ጥያቄው ለእነሱ የነፍስ ጥያቄ ነው። ግን ጉባኤውን የጠራው፣ ቀኑን የወሰነው፣ የተሸነፈውን የሚቀጣው ማን ነበር? ማን ከማን ይግጠም የሚለው ሰው ነው።

አባትና ልጅ

የቦሩ ሜዳ ነገር በዚያ አላበቃም። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ሥልጣናቸውን ይዘው ለመቆየት ክርስትና መነሳት ነበረባቸው። ከእነሱ አንዱ ኢማም መሐመድ አሊ ናቸው። ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ሁሉም ግን እንደሳቸው እሺ አላለም። ሼህ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር አሻፈረኝ ብለው አምፀዋል።

ራስ ሚካኤል በኋላ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ልጅ ወለዱ። ያ ልጅ ልጅ ኢያሱ ነው። ምኒልክ አልጋቸውን ያወረሱት ለሱ ነው።

ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሙ ጋር ተቀራረቡ። ሐረርና ኦጋዴን ድረስ እየሄዱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ያዘነበሉ ስለመሰላቸው እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደነገጡ። የሸዋ መኳንንትም ወጣቱ ገዥ ወደ ጎን እየገፋቸው ስለሆነ ከፍቷቸዋል። እንግዲህ የተናደደ ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው። አንዱ ስለ ሹመት፣ አንዱ ስለ ጦርነት፣ አንዱ ስለ ጂቡቲ መንገድ። ይህ ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ተጠቀለለ፤ «ኢያሱ ሰልሟል»።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ከባዱ ነገር መሐላ ነበር። ሁሉም ለኢያሱ ምለዋል፤ መሐላ ማፍረስ ነፍስን ያስከፍላል። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መሐላውን ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጅ ኢያሱ በርግጥ ሰልመው ነበር ወይ? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለፖለቲካው ግን መልሱ አላስፈለገም። ክሱ ሥራውን ሠርቷል። የሹመት ቅሬታ ጦር አያስነሳም። የሃይማኖት ክስ ያስነሳል። የሃይማኖት ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ መቶ የተለያየ ቅሬታ ያለውን ሰው በአንድ ቀን አንድ ያደርገዋል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። በጀት ላይ ብንጣላ ነገ መሀል ላይ እንገናኛለን፤ አንተ ትንሽ ትለቃለህ፣ እኔ ትንሽ እለቃለሁ። «እሱ ከሃዲ ነው» ከተባለ በኋላ ግን መሀል የሚባል ቦታ የለም።

አባትየው፣ በዚህ ጊዜ ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፣ ለልጃቸው ከወሎ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ድል አድርገው ገደሏቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ዋናው ውጊያ ሆነ። ሰገሌም ቶራ መስክም በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር ያሉ ሜዳዎች ናቸው። በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚመራው የመሀል አገር ጦር አሸነፈ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። የሁለቱም ወገን ሙታን ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ስለ ጂቡቲ መንገድ ሰምተው የማያውቁ ገበሬዎች።

አባት ወንበር ላይ ለመቆየት ሃይማኖት ለወጠ። ልጅ ሃይማኖት ለወጠ ተብሎ ከወንበር ወረደ። የታሪክ ፊልም ወዳዱ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰገሌን እያለፈ «እዚህ ጋ ነው» እያለ ያሳየናል። ከጥያቄው ጋር አያይዞት ግን አያውቅም ነበር።

አብዛኛው ማለት ስንቱ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው።» የት ላይ?

መንዝ ላይ ቆመህ ከቆጠርክ ልክ ነህ። ቁልቁል ወደ ይፋት ውረድ። ወላስማዎች የይፋት ሡልጣኖች ሆነው የገዙበት አገር ነው፤ እስልምና እዚያ የትናንት እንግዳ አይደለም። ከአንኮበር ሥር ወደ አልዩ አምባ ብትወርድ አርጎባው ሙስሊም ነው። እዚያ ቀበሌ ላይ ድምፅ ቢሰጥ አንደኛው ይለወጣል። ዞኑን በሙሉ ቁጠር ብትለኝ ኦርቶዶክስ ያሸንፋል። አገሪቱን ቁጠር ብትለኝስ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በመቶ በላይ ነው። ከግማሽ ያለፈ የለም።

የፊልሙ ዳኛ ትዝ አለህ? ድንበሩን የሚያሰምረው ሰው አሸናፊውን ይመርጣል። ሃይማኖት ላይ ድምፅ እንስጥ ካልን ጠቡ ስለ እግዚአብሔር አይሆንም። ጠቡ ስለ መስመሩ ይሆናል። የት ተጀምሮ የት ያልቃል፣ ማን ይቆጠር፣ ማን አይቆጠር።

ሊባኖሶች ይህን ኖረውበታል። በ1943 እ.ኤ.አ. ነጻ ሲወጡ ወንበሩን በሃይማኖት ደረጃ ተካፈሉት። ፕሬዚዳንቱ ማሮናይት ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ። የፓርላማው መቀመጫም 6 ለክርስቲያን፣ 5 ለሙስሊም ተባለ። መነሻው በ1932 የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ይፋዊ ቆጠራ ተደርጎ አያውቅም። ማን ደፍሮ ይቁጠር? ቁጥሩ ከተለወጠ ደረጃው ሊለወጥ ነው። በመሀሉ 15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት አለፈ። የፓርላማው መቀመጫ እኩል በእኩል እንዲሆን የተስማሙት በ1989 ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድምፅ የሚበጀው «ማን ያስተዳድረን?» ለሚል ጥያቄ ነው። ተሸናፊው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይወዳደራል። «እውነተኛው የቱ ነው?» ለሚል ጥያቄ ግን እጅ አይወጣም። የመንዙ ጓደኛዬን ጠየቅኩት፤ «አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቢመርጥና ያንተ ሃይማኖት ሦስተኛ ቢወጣ፣ ነገ ጠዋት ማተብህን ትበጥሳለህ?» ሳቀ። «አብደሃል እንዴ?» አለኝ። እንግዲያው በድምፅ የማትተወውን ነገር በድምፅ ሰው ላይ አትጫን ነው መልሱ።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ብለዋል ይባላል። አባባሉ ውብ ነው። ግን በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 126 ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አስቀምጧታል። ሌላው ማምለክ ተፈቅዶለታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን እንግዳ ነው። ለዚህ ነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው አደባባይ የሞሉት።

ደርግ መጣና ቀለበቱን ቆረጠ። ግን የቆረጠው ለመለያየት ብቻ አልነበረም፤ ለመጨፍለቅም ነበር። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው በ1971 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። መንግሥት ሃይማኖት የለውም ማለትና መንግሥት ሃይማኖትን ይረግጣል ማለት ለየቅል እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 አጭር ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 27 ደግሞ የፈለጉትን የማመን፣ የማምለክና የማስተማር መብት ይሰጣል። በወረቀት ይኸው ነው። ጭንቁ ኑሮው ላይ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሕጉ የሚለየው መሥሪያ ቤትን ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ሰውን ከእምነቱ አይለይም። ከንቲባ መጾም ይችላል። ዳኛ መስገድ ይችላል። «ሃይማኖቴ ድሃን እርዳ ስላለኝ ነው ፖለቲካ የገባሁት» የሚል ዕጩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የሚጀምረው ማህተሙ ጋ ነው። ከንቲባው መሬት ሲሰጥ፣ ዳኛው ሲፈርድ፣ ሠራተኛው ወረፋ ሲያስይዝ እምነት ሚዛኑን ካዘነበለው ያኔ አንቀጽ 11 ተጥሷል።

ሰባኪስ? «ውጡና ምረጡ፣ በሰላም ምረጡ፣ ድምፃችሁን አትሽጡ» ማለት ዜጋን ማስተማር ነው። «እገሌን ያልመረጠ ከእኛ አይደለም» ማለት ግን ጳጳሱ ለመኳንንቱ መሐላ እንደፈቱት ነው፤ የነፍስን ፍርሃት ለወንበር ማዋል። ሌሎች አገሮችም መስመሩን የሚያሰምሩት በየራሳቸው ቦታ ነው። እንግሊዝ 26 ጳጳሳት በሕግ አውጪው የጌቶች ምክር ቤት ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ። ፈረንሳይ በ1905 ሕግ መንግሥትን ከቤተ ክርስቲያን ጠርጎ ለየ። ሁለቱም ዲሞክራሲ ነን ይላሉ።

የጥምቀተ ባሕርና የኢድ መስገጃ ሜዳ፣ የቀብር ቦታ፣ እነዚህን ማዘጋጃ ቤት ሲሰጥ ሃይማኖት እየደገፈ ነው ወይ? እኔ አይደለም እላለሁ። ሰው ይሞታል፤ መቀበሪያ ይፈልጋል። መንገድ እንደመሥራት ነው። ጥያቄው ሜትሩ ለሁሉም አንድ ነው ወይ የሚለው ነው። የአንኮበሯ ጓደኛዬ ቤተሰብ የቀብር ቦታ ፍለጋ ስንት ደጅ እንደጠኑ ስትነግረን የመንዙ ቀና አላለም። ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይም ብዙ ይወራበታል። ሕገ መንግሥቱ በጋብቻ፣ በቤተሰብና በግል ጉዳይ የሃይማኖት ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 34። የፌዴራሉ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው የተጠናከረው። ቁልፉ ፈቃድ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ማንም ተጎትቶ አይዳኝም።

ከባዱ ነገር ሌላኛው አቅጣጫ ነው፤ መንግሥት ወደ ሃይማኖት ሲገባ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» ብለው የወጡት መንግሥት የማንፈልገውን አስተምህሮ እየጫነብን ነው፣ መጅሊሳችንን እንምረጥ ብለው ነው። መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያቸው ታሰረ። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾመው ቤተ ክርስቲያኗ ስትናጥ ሲኖዶሱ መንግሥትን ጣልቃ ገባህ ብሎ ከሰሰ። የካቲት ላይ ስምምነት ተደረሰ። ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም፤ ያዩት መከራም ይለያያል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ አንደኛው ማን እንደሆነ፣ ትክክለኛው መሪ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ቢሮ ነው ወይስ ምዕመኑ?

ትንሿንም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከሸዋሮቢቱ ጓደኛዬ ጋር የአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጠናል። ሰብሳቢው «በጸሎት እንክፈተው» አሉ። የአንዱ ሃይማኖት ጸሎት ነው። ሁላችንም ቆምን። ጓደኛዬም ቆመ፤ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት አየ። ስብሰባው ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር። ያን ቀን እኔም ምንም አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው ግን ለሦስት ደቂቃ ያህል ጓደኛዬ የዚያ ውኃ ባለቤት አልነበረም፤ እንግዳ ነበር።

ይህን ሁሉ ለመንዙ በተለያየ ቀን እየቆራረስኩ ነገርኩት። በሁሉም አልተስማማም። «እሺ፣ ቦሩ ሜዳ ይቅር፤ ግን ታሪካችን በቤተ ክርስቲያን የተጻፈ መሆኑን መንግሥት ሊክድ አይችልም» ይላል። ልክ ነው፣ አይችልም። ታሪክን ማወቅና ለታሪክ ወንበር መስጠት ግን ይለያያሉ ስለው «ይህን ደግሞ ሌላ ቅዳሜ» አለኝ።

የፊልሙን ነገር የፈታችው የአንኮበሯ ናት። «ድምፅ ይቅር፣ ደረጃም ይቅር፤ በተራ እንምረጥ» አለች። አንደኛ ማን እንደሆነ ሳንወስን ሦስት ቅዳሜ አለፈ። የመንዙ በተራው ጎራዴ አሳየን። የአንኮበሯ ሦስት ሰዓት ሙሉ ህንድ አሳየችንና አንድ ቦታ ላይ የመንዙ ዓይን እንባ አቀረረ፤ የቡናው ጭስ ነው አለ። ቀጣዩ ተራ የሸዋሮቢቱ ነው። ረመዳን ስለገባ ከአፍጥር በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ቴምሩን እሱ ያመጣል፤ እኛም ዓቢይ ጾም ላይ ስለሆንን ሳምቡሳው የምስር ይሆናል።